ሜትር በዊልቸር ኪስ፦ ሕንፃና መንገድ እንዴት እንደምለካ

በዊልቸሬ ጀርባ በተሰፋው ኪስ ውስጥ ሦስት ዕቃ አይጠፋም፦ ጓንት፣ የጎማ መንፊያና የግንበኛ ሜትር። ጓንቱንና መንፊያውን ወንበሩ ላይ በተቀመጥኩ ሰሞን ነው የያዝኳቸው። ሜትሩ የመጣው ከወደቅኩ በኋላ ነው።

የላቦራቶሪ ውጤት ልቀበል አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ ከጎኑ ራምፕ፣ ማለትም በጎማ የሚወጣበት ተዳፋት። ጥበቃው ገና ከታክሲ ስወርድ ሲያየኝ ፊቱ በራ። "እህቴ፣ ለእናንተ ተብሎ የተሠራ አለን" ብሎ ራሱ ሊገፋኝ መጣ። ራምፑ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ የተለበጠ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ካፊያ ጥሏል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ የልጁ ጫማ ከዳው፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ እኔም በማጅራቴ አረፍኩ። ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። ቁስሉ ሲደርቅ ወንድሜን ይዤ ተመለስኩና ለካነው። የደረጃዎቹ ከፍታ ሲደመር 51 ሴንቲ፣ የራምፑ ርዝመት 190 ሴንቲ። በልኩ ቢሠራ፣ ማለትም ከፍታው በ12 ሲባዛ፣ 6 ሜትር ከ12 መሆን ነበረበት።

ባለቤቱ ለዚያ ራምፕ ገንዘብ አውጥቷል፤ ጥበቃው ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጓል። ሲሠራ ግን ሜትር የዘረጋ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ መለካት ነው፤ ለራሳችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ወይም ወንበር ላይ ላለ ጎረቤታችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ወንበሩን

ዊልቸራችሁን በሰፊው ቦታው ለኩት፤ እጃችን ከሚገፋው ቀለበት የውጭ ጠርዝ እስከ ማዶው ቀለበት። የእኔ 64 ሴንቲ ነው። ቀለበቱን የሚይዘው እጅ ግራና ቀኝ ጥቂት ሴንቲ ይፈልጋል። ከ75 በታች የሆነ በር የጣቴን ቆዳ ይልጠዋል፤ 80 ሲሆን እገባለሁ፤ 90 ሲሆን ሳላስበው አልፋለሁ። በር የሚለካው ተከፍቶ ነው፤ ከተከፈተው መዝጊያ ፊት እስከ ማዶው መቃን። ብዙ ሰው ከመቃን እስከ መቃን ይለካና 5 ሴንቲ ይሳሳታል።

ሜትር ካልያዛችሁ እጃችሁ አለ። የእኔ ስንዝር 19 ሴንቲ ነው፤ አራት ስንዝር የማይሞላ በር ላይ ጊዜ አላጠፋም። የራሳችሁን ስንዝር ዛሬ ለክታችሁ ያዙት።

ከቤት ሳትወጡ

ስልክ ደውላችሁ "ለዊልቸር ይመቻል?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ "አዎ፣ ችግር የለም" ነው፤ የሚመልሰው ሰው "ልጆች ተሸክመው ያስገቡሻል" ማለቱ ነውና። መሸከም ለእኔ መግባት አይደለም። ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ቀሚሴ ተገልቦ፣ አራት የማላውቃቸው ሰዎች እጅ ላይ ሆኜ ቢሮ መግባት አልፈልግም። ከወደቅኩ ደግሞ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ "መኪና ከሚቆምበት ቦታ እስከ ሊፍቱ ድረስ ስንት ደረጃ አለ?" የሚራመድ ሰው ደረጃ አይቆጥርም፤ በየቀኑ የሚወጣትን አንዲት ደረጃ ጭራሽ አያስታውሳትም። ስለዚህ ከጸሐፊዋ ይልቅ ጥበቃውን ወይም የጽዳት ሠራተኛዋን አገናኙኝ እላለሁ፤ በየቀኑ ባልዲ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ደረጃውን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ከተቻለም የበሩን ፎቶ በቴሌግራም አስልካለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መብራት ነው። "ጄኔሬተር አላችሁ?" ብቻ አይበቃም፤ "ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ አምፖል ብቻ ነው የሚያበራው?" በሉ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ አንድ ጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ጉዳዬን ጠዋት እጨርሳለሁ።

ሌላ መላ፦ አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ብዙ ፎቅ በፊት ለፊቱ አምስት ደረጃ ይኖረውና በጀርባው ወይም በጎኑ መሬቱ ዝቅ ብሎ የመኪና ማቆሚያው ይገኛል፤ ከዚያ ሊፍት አለ። "ምድር ቤቱ ውስጥ ሊፍቱ ይቆማል?" ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ምድር ቤት የሚወስደው የመኪና መንገድ ቁልቁል ስለሆነ ግን በዊልቸር አትውረዱት፤ በመኪና ግቡና ሊፍቱ ሥር ውረዱ።

በሩ ላይ

መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ የግቢው ብረት በር ነው። ትልቁ ተዘግቶ፣ በውስጡ የተከፈተችው ትንሿ በር ናት ለእግረኛ የምትሠራው። ከሥሯ የሚያልፈው ብረት አንዳንዴ 20 ሴንቲ ይሆናል፤ በዊልቸር አይታለፍም። ለማለፍ አትሞክሩ፤ ትልቁ በር እንዲከፈት ጠይቁ። "ለመኪና ነው" ከተባለ "ጎማ አለኝ" በሉ፤ እኔን ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

ቀጥሎ ፍተሻ ነው። የብረት መፈተሻው ፍሬም አንዳንዱ ከወንበራችሁ ይጠብባል፤ ደግሞም ወንበሩ ራሱ ብረት ነው፣ መጮሁ አይቀርም። በጎን በኩል በእጅ እንዲፈትሹ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሴት ከሆናችሁ ሴት ፈታሽ ጠይቁ። ትራሳችሁን አንሡ ካሏችሁ ከወገብ በታች ስሜት የሌለው ሰው ትራስ ተራ ትራስ እንዳልሆነ፣ ቁስል የሚከላከል መሆኑን በእርጋታ አስረዱ። ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

ባለ ሁለት ተካፋች በር ሲሆን አንደኛው ከላይና ከታች በመወርወሪያ ተቆልፎ ይገኛል፤ የተከፈተው ብቻ ደግሞ 60 ሴንቲ ነው። ሁለተኛውን አስከፍቱ። የበሩ ደፍ ከ2 ሴንቲ ከበለጠ የፊት ትንንሾቹን ጎማዎች ይይዛል፤ ያኔ ዞር ብዬ በኋላ ጎማ፣ ማለትም በጀርባዬ እገባለሁ። ትልቅ ጎማ የሚያልፈውን ትንሽ ጎማ አያልፈውም።

የግድ ደረጃ ላይ መውጣት ካለባችሁና ሰው ከተገኘ፣ አለቃዋ እናንተ ናችሁ። ወንበሩ ጀርባውን ለደረጃው ይሰጣል፣ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላ እጀታውን ይዞ በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ ይስባል፣ ሌላው ከፊት ዋናውን ብረት ይዞ ይደግፋል። የክንድ ማሳረፊያውንና የእግር መርገጫውን ማንም እንዳይዝ፤ የሚነቀሉ ናቸው፣ እጃቸው ላይ ይቀራሉ። ከመጀመራችሁ በፊት እጀታው ላይ ያለው ላስቲክ ጠብቆ መያዙን አረጋግጡ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ሳትሉ ማንም አይነካም።

ራምፕ ማሠራት

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእድራችን አዳራሽ በር ላይ እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ የሆኑ ሁለት ደረጃዎች ነበሩ። ለስብሰባ ስሄድ ሁልጊዜ ውጭ ሆኜ በመስኮት ነበር የምሰማው። አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹ "እናሠራልሻለን" አሉኝ፤ እኔም ክሊኒኩን አስታውሼ "ይሠራዋል የምትሉትን ሰው በመጀመሪያ ከእኔ ጋር አገናኙኝ" አልኳቸው።

ሂሳቡ አንድ መስመር ነው፦ ከፍታውን በ12 አባዙት። 17 ሲደመር 17፣ 34 ሴንቲ፤ በ12 ሲባዛ 408 ሴንቲ። ራምፑ ከ4 ሜትር በላይ መሆን አለበት ማለት ነው። በስልካችሁ ላይ የውሃ ልክ አፕ ካለ፣ የተሠራ ራምፕ ላይ ስታስቀምጡት 5 ዲግሪ አካባቢ ማሳየት አለበት። የክሊኒኩ 15 ነበር። 7 ላይ ሰው ከገፋኝ እወጣለሁ፤ ብቻዬን አልሞክረውም። ከ10 በላይ ከሆነ በደረጃው በኩል የሚያወጣኝ ጠንካራ ሰው እፈልጋለሁ፤ ቁልቁለት ራምፕ ከደረጃ ይብሳል፣ ደረጃ ቢያንስ ያቆማችኋል።

መሬቱ ራሱ ዘመም ካለ የደረጃዎቹን ከፍታ ብቻ መደመር ያሳስታል፤ ራምፑ የሚጀምርበት ቦታ ከደረጃው ሥር ዝቅ ሊል ይችላል። የእድሩ ግንበኛ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራው ትልቅ ሰው፣ ውስጡ በሚታይ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ በሩ ደፍ ላይ፣ ሌላውን ራምፑ የሚነሣበት ቦታ ያዘና እውነተኛውን ከፍታ አወጣው። 34 ሳይሆን 36 ሆነ። 4 ሜትር ከ32። ያቺ 2 ሴንቲ ርዝመቱ ላይ 24 ሴንቲ ጨመረች።

"ቦታ የለም" የሚለው መልስ ሁሌም ይመጣል። ከአዳራሹ በር ፊት እስከ አጥሩ ያለው 3 ሜትር ብቻ ስለነበር ቀጥታ ማውጣት አይቻልም። ጋሼ ግን ግድግዳውን ተከትሎ በጎን አወጣው፤ እዚያ በኩል 6 ሜትር ነበረ። ይህም ከሌለ ደርሶ መልስ ይሠራል፤ ግማሹን ሄዶ፣ ማረፊያ አድርጎ፣ ግማሹን ይመለሳል።

ማረፊያው የሚረሳው ነገር ነው። በሩ ፊት ለፊት 150 በ150 ሴንቲ የሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ከሌለ፣ ወንበሬ ዳገት ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ እጄ በር መክፈት አለብኝ፤ በአንድ እጅ ደግሞ ወንበር አይቆምም። 150 ዊልቸር ሙሉ ዙር የሚዞርበት ልክ ነው፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ ሊፍት ፊትም መጸዳጃ ቤትም ይፈለጋል። ከፍታው ከ75 ሴንቲ ካለፈ መሐል ላይም እንዲህ ያለ ማረፊያ ይጨመራል፤ ክንድ ይዝላል።

ስፋቱ ከ1 ሜትር አይነስ፤ እኛ 1 ሜትር ከ20 አደረግነው። በክፍት ጎኑ 10 ሴንቲ ከፍ ያለ ጠርዝ ይውጣለት፤ ጎማ ተንሸራቶ እንዳይወርድ። መደገፊያው እጅ ጨብጦ የሚይዘው ቀጭን ቱቦ ይሁን፣ ከወለሉ 90 ሴንቲ አካባቢ፣ ከራምፑ መጀመሪያና መጨረሻ 30 ሴንቲ አልፎ የሚሄድ። ወፍራም አራት ማዕዘን ብረት አይጨበጥም።

ስለ ወለሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ሴራሚክ አታንጥፉ፣ ግራናይት አታንጥፉ። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ ጋሼ በመጥረጊያ አግድም ጠረገው፤ ያ ሸካራ መስመር ክረምት ሙሉ ጎማዬን ይዞልኛል። ወጪ የለውም።

አንዲት ደረጃ ብቻ ላለው ሱቅ ወይም ካፌ ግንባታ አያስፈልግም። በያጅ ዘንድ ሄዳችሁ ሸካራ ላሜራ በብረት ፍሬም ላይ አስበይዱ፤ ከሥሩና ከላዩ የሚይዝ ከንፈር ይኑረው። 15 ሴንቲ ለሆነች ደረጃ 180 ሴንቲ ነው ልኩ። የሚገፋ ሰው ካለ እስከ 120 ሴንቲ ድረስ እታገሣለሁ፤ ከዚያ ካጠረ አይሆንም። ማታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ቡና የምጠጣበት ቤት ባለቤት እንዲህ አሠርታ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የለስላሳ ሳጥን የሚያመጡት ልጆችም በጋሪ የሚያስገቡት በሱ ነው። የእድራችን ራምፕም እንደዚያው፤ ድስቱና ድንኳኑ በሱ ነው የሚወጣው፣ ከዘራ የያዙት እናቶችም ደረጃውን ትተውታል።

መንገዱ

በኮሪደር ልማት የታደሱት መንገዶች ላይ እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ላይ የማየው መሻገሪያውን ነው። እግረኛ መንገዱ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እኩል መሆን አለበት፤ 3 ሴንቲ እንኳ ብቅ ካለ የፊት ጎማ ይሰነቀራል፣ ሰውነት ወደ ፊት ይወረወራል። ቢጫው ጎርባጣ መስመር ለዓይነ ስውራን መሪ ነው፤ አትሂዱበት፣ አትቁሙበትም።

መውረጃ ከሌለው የመኪና መግቢያ ፈልጉ። ጋራዥ ወይም ግቢ ያለበት ቦታ ሁሉ ጠርዙ ዝቅ ብሏል። በዚያ ወርጄ፣ ማዶ ያለው ሌላ መግቢያ ላይ እወጣለሁ፤ ረዘም ይላል እንጂ ያደርሳል።

የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ብረቶች ቀዳዳቸው በምትሄዱበት አቅጣጫ ከተዘረጋ ትንሿን ጎማ ይውጧታል። ሰያፍ ሁናችሁ ተሻገሩ። ክዳን የሌለው ጉድጓድ በክረምት ውሃ ይሸፍነዋል፤ ኩሬ ያለበትን ቦታ ጥልቀቱን ሳላውቅ አላልፍም።

ኮብልስቶን ላይ የሚገፋችሁ ሰው ካለ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ይግፋ፤ ትንንሾቹ ድንጋይ መካከል እየገቡ ነው የሚያሠቃዩት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ሲሚንቶ የተሞላውን የውሃ መውረጃ ጠርዝ ተከተሉ። ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ፣ ጓንት ግድ ነው፤ ቀለበቱ እጅ ያቃጥላል። በአንድ ትንፋሽ አትውረዱ፤ ወደ ጎን ዞራችሁ እየቆማችሁ ውረዱ። ገፊ ካላችሁ እሱ ከታች በኩል ሆኖ እናንተ በጀርባ ትወርዳላችሁ። ዝናብ ሲሆን ቀለበቱ ስለሚያንሸራትት ደረቅ ጨርቅ ጭናችሁ ላይ ይኑር።

ለታክሲ ጋቢናን ነው የምለምነው። ሹፌሩ ወንበሬ ታጥፎ ከኋላ እንደሚገባ ካየ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል፤ ለወንበሩም የአንድ ሰው እከፍላለሁ ብዬ ቀድሜ እናገራለሁ፣ ጭቅጭቅ አይኖርም። በቀላል ባቡሩ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት ጣቢያዎች ድልድይ ላይ ናቸው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሊፍቱ በዚያ ቀን እየሠራ መሆኑን አስጠይቁ። ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ ማንኛውም ጎሚስታ ይሠራዋል፤ የአብዛኛው ዊልቸር የኋላ ጎማ ባለ 24 ኢንች ነው፣ ከብስክሌት ዕቃ ሻጮች ይገኛል።

መጸዳጃ ቤት

በሩ ላይ የዊልቸር ሥዕል አለ ማለት ክፍት ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ መጥረጊያና ባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ፣ ቁልፉ ደግሞ ዕረፍት የወጣ ሰው ጋ ይገኛል። ስለዚህ ሲቸግራችሁ ሳይሆን ገና እንደገባችሁ ቁልፉን ጠይቁ። የሚሠራ ሰው ካለ ልንገረው፦ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ውስጡ 150 ይዙር፣ መቀመጫው ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ከፍታ ይኑረው፣ ከጎኑ ወንበር የሚጠጋበት 90 ሴንቲ ባዶ ቦታ ይቅርለት፣ መያዣው ብረት ደግሞ ሙሉ የሰው ክብደት ተንጠልጥሎበት የማይነቀል ይሁን።

መጠየቅ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም በበቂ ቁጥር እንዲዘጋጅ ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የተመድ ስምምነት በአዋጅ 676/2002 አጸደቀች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው። እነዚህን ቁጥሮች፣ ዛሬም የሚሠሩ መሆናቸውን አጣርታችሁ፣ በቃል ያዙ። የምትከራከሩበት እንዲሆን ብቻ ሳይሆን፣ የሕንፃ አስተዳዳሪው ለአለቃው ሲያስረዳ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው።

በር ላይ ቆማችሁ ጥበቃውን አትቆጡ፤ ራምፕ የሚያሠራው እሱ አይደለም። የሕንፃውን አስተዳዳሪ ስም ጠይቁ፣ ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። የእኔ እንዲህ ነው የሚሆነው፦

"በቀን እንዲህ ለጉዳይ መጥቼ በሕንፃው መግቢያ ባሉት ሦስት ደረጃዎች ምክንያት መግባት አልቻልኩም። የደረጃዎቹ ጠቅላላ ከፍታ 48 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ76 የሆነ ራምፕ ያስፈልጋል። ከሕንፃው በስተግራ ባለው ግድግዳ በኩል 8 ሜትር ባዶ ቦታ መኖሩን ለክቻለሁ። ሥዕሉን አያይዣለሁ። ግንባታው ሲጀመር ከባለሙያው ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነኝ።"

ሥዕሉ በእስክሪብቶ የተሣለ ሦስት መስመር ቢሆን ይበቃል፤ ቁጥር ይጻፍበት። "ለአካል ጉዳተኞች ትኩረት ይሰጥ" የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይተኛል፤ "5 ሜትር ከ76፣ በስተግራ" የሚል ደብዳቤ ግን ወደ አንድ ግንበኛ እጅ መድረስ ይችላል። በሁለት ኮፒ አዘጋጁት፤ የራሳችሁ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን ይኑርበት። በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። ሥራው ተጀምሮ ከሆነ፣ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት የእንጨት ቅርጹን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁና ሜትራችሁን ዘርጉበት።